ዱላ የያዘ ሁሉ የውሻ አሰልጣኝ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ራስን «የውሻ አሰልጣኝ» ብሎ ለመጥራት ሦስት ነገር ይበቃል፦ ወፍራም ገመድ፣ ጎላ ያለ ድምፅ እና ካሜራ ያለው ስልክ። ገመዱ ውሻውን ለማነቅ ነው። ድምፁ ለማስፈራራት ነው። ስልኩ ደግሞ ውሻው የሰው እጅጌ ላይ ተንጠልጥሎ ሲናከስ የሚያሳይ ቪዲዮ ለመልቀቅ ነው። ደንበኛ ቪዲዮውን ያያል፣ ይደነቃል፣ ይከፍላል። ውሻው ከወር በኋላ የቤት ሠራተኛዋን ወይም የጎረቤት ልጅ ሲነክስ ጥፋቱ የውሻው ይሆናል። «ክፉ ውሻ ነው» ይባላል፣ መርዝ ይሰጠዋል፣ ሌላ ቡችላ ይገዛል። ያው ሰው እንደገና ይጠራል።

ነገሩ የጥቂት ውሻ ወዳጆች ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ሰፊ ሐተታ ባላስፈለገው። ግን አይደለም። ጉዳዩ በየቀኑ ትምህርት ቤት በእግሩ የሚሄድ ልጅ ጉዳይ ነው። ሌሊት በር የሚከፍት ዘበኛ ጉዳይ ነው። ሥራ አጥቶ የሚዞር፣ ግን ከእንስሳ ጋር ተፈጥሯዊ መግባባት ያለው ወጣት ጉዳይም ነው። እዚህ አገር የውሻ ሥልጠና ሙያ ሊሆን ይችላል። ሙያው የሚገኘው ግን ብዙዎች በሚፈልጉበት ቦታ፣ በውድ የፈረንጅ ቡችላና በወታደራዊ ጩኸት ውስጥ አይደለም። የሚገኘው ማንም በማይፈልገው ውሻ ዘንድ ነው፤ ሉካንዳ ደጃፍ ተኝቶ በሚውለው፣ ድንጋይ በሚወረወርበት፣ አንድ እግሩን እያነከሰ በሚያልፈው ውሻ ዘንድ።

ይህን ሲሰማ የሚስቅ ብዙ ነው። ይሳቅ። መጀመሪያ ግን ዱላው ከየት እንደመጣ ይታይ።

«ውሻ አለቃ ይፈልጋል፤ አለቃው አንተ መሆንህን ካላሳየኸው ይገዛሃል።» ይህን የማይል አሰልጣኝ ማግኘት ከባድ ነው። አባባሉ ጥንታዊ ጥበብ ይመስላል። አይደለም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ በአጥር ውስጥ ታስረው በነበሩ ተኩላዎች ላይ ያደረገው ጥናት ነው። የማይዛመዱ ተኩላዎች ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጎሩ ተጣሉ፤ ጠቡም «የአለቅነት ሥርዓት» ተብሎ ተጻፈ። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሚች እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን በዓለም አሰራጨው። ያው ሚች ለዓመታት በዱር የሚኖሩ ተኩላዎችን ከተከታተለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን ራሱ አፈረሰው፦ በተፈጥሮ የተኩላ መንጋ ቤተሰብ ነው፤ «አለቃ» የተባሉት አባትና እናት ናቸው፤ ልጆቻቸውንም እየተደባደቡ አይደለም የሚመሩት። ሐሳቡን ያስፋፋው ሰው ትቶታል። ዱላ የያዘው ግን እስካሁን አልሰማም።

ልብ በሉ፤ ይህ ስለ ተኩላ ነው። ውሻ ደግሞ ተኩላ አይደለም። እስር ቤት የታጎሩ የማይተዋወቁ ሰዎችን አይቶ «የኢትዮጵያ ቤተሰብ እንዲህ ነው» ብሎ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ምን ይባል ነበር?

ዱላው ሐሰት ላይ መቆሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አደገኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሜጋን ሄረንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ጠባያቸው አስቸግሮ ወደ ሕክምና የመጡ ውሾችን ባለቤቶች ጠየቀ፤ 140 ሰዎች መለሱ። ውሻውን መምታት ወይም መርገጥ ከሞከሩት መካከል 43 በመቶ የሚሆኑት ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናገሩ። ውሻውን በጀርባው ገልብጦ መሬት ላይ ማጣበቅን የሞከሩት ዘንድ ደግሞ 31 በመቶ ሆነ። ይኸው «አለቅነትን ማሳያ» ተብሎ በየቪዲዮው የሚታየው ድርጊት ነው። ውሻውን ያረጋጋል የተባለው ዘዴ ውሻውን ያስነክሰዋል።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ውሻ ከመናከሱ በፊት ይናገራል። ፊቱን ያዞራል፣ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፣ ጅራቱን ይቀብራል፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ በመጨረሻ ያጉረመርማል። ማጉረምረም ስድብ አይደለም፤ «እባክህ ራቅ በል» ማለት ነው። ዱላ የያዘው ሰው ባጉረመረመ ቁጥር ይመታዋል። ውሻው ምን ይማራል? ማጉረምረም እንደሚያስመታ ይማራል። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ማስጠንቀቂያው ብቻ ጠፋ። ከዚያ በኋላ «ድንገት ነከሰ፣ ምንም ምልክት አላሳየም» ይባላል። ምልክቱን በገንዘብ ከፍሎ ያስጠፋው ባለቤቱ ራሱ ነው።

የዚህ ዋጋ በሕግም የተጻፈ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2072 ደግሞ ለጥቅሙ ሲል ወይም በማናቸውም ምክንያት እንስሳውን ተረክቦ የያዘ ሰውም በእጁ ሳለ ለሚደርሰው ጉዳት እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። «ለአንድ ወር እኔ ጋ ይቆይና አሠልጥኜ እመልሳለሁ» የሚለው አሰልጣኝ ይህን አንብቦ ይሆን? ደንበኛውስ? ሕጉ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተጎጂዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክስ የማይመሠርቱ ሰዎች ናቸው፦ የቤት ሠራተኛ፣ ዘበኛ፣ ሊስትሮ፣ የሰፈር ልጅ። ለዚያ ነው ነገሩ ርካሽ የሚመስለው።

እንግዲህ ሙያው የት ይገኛል?

በዓለም ላይ ስለ ውሻ ሥልጠና የሚታሰበውን ከቀየሩት አጋጣሚዎች አንዱ የተፈጠረው በተጣሉ ውሾች ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 ፖሊስ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የታዋቂውን የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የማይክል ቪክን ንብረት ፈተሸ። የውሻ ማፋለሚያ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ወደ 50 የሚጠጉ ፒት ቡል ውሾች ተያዙ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያሉ ውሾች ዕጣ አንድ ነበር፤ መገደል። ትልልቅ የእንስሳት መብት ድርጅቶች ሳይቀሩ «እነዚህ አይድኑም፣ ይገደሉ» ብለው ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን እያንዳንዱ ውሻ ለየብቻው እንዲመረመር ፈቀደ። ከተመረመሩት መካከል በጠበኝነቱ ምክንያት እንዲገደል የተደረገው አንድ ብቻ ሆነ። ከባድ ችግር ያለባቸው 22ቱ በዩታ ወደሚገኘው ቤስት ፍሬንድስ መጠለያ ሄዱ። ሌሎቹ በየቤቱ ተቀመጡ። ቪክም ለውሾቹ እንክብካቤ ከ900,000 ዶላር በላይ እንዲከፍል ተደረገ። ከእነዚያ ውሾች መካከል በኋላ ሆስፒታል ገብተው በሽተኛ የሚያጽናኑ ተገኙ። ማንበብ ከሚለማመዱ ሕፃናት ጎን ተኝቶ የሚያዳምጥም ነበር።

ይህን ያደረገው ጩኸት አልነበረም። በር ሲከፈት ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ይጮኽበታል? ምን ለማስተማር? ቀድሞውኑ የፈራ ነው። እዚያ የሠሩ ሰዎች ቀን በቀን ውሻው አጠገብ ተቀምጠው መጽሐፍ ማንበብ፣ ቁራሽ ሥጋ መጣል፣ ዞር ብሎ መሄድ፣ ነገ መመለስ ነበረባቸው። የተጎዳ ውሻ መልመጃ የሚሆነው ለዚህ ነው። ማጭበርበር አይቻልም። ከጥሩ ቤት የመጣ፣ በሦስት ወሩ የተገዛ ቡችላ አሰልጣኙ ሰነፍ ቢሆንም «ቁጭ በል» ይማራል። የተደበደበ የጎዳና ውሻ ግን የሰውየውን ስህተት በሙሉ ያወጣበታል። እጁን ከላይ ቢያወርድበት ይሸሻል። ፊት ለፊት ቢያፈጥበት ያጉረመርማል። ቢጣደፍ የሳምንት ሥራ በአንድ ደቂቃ ይፈርሳል።

ምሳሌ ይሁን፦ መጥረጊያ የያዘ ሰው ሲያይ የሚያብድ ውሻ አለ እንበል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ውሻ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዱላ የያዘው አሰልጣኝ ውሻውን ጎትቶ መጥረጊያው ፊት ያቆመዋል፤ «ይልመደው» ይላል። ውሻው አይለምደውም፤ ያብድበታል ወይም ተስፋ ቆርጦ ይደርቃል፤ መድረቁም «ታዘዘ» ይባላል። በተጎዱ ውሾች የተማረው ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ርቀት ነው፤ ውሻው መጥረጊያውን አይቶ ገና ሳይረበሽ የሚቆመው ስንት እርምጃ ላይ ነው? 20 ከሆነ ሥራው ከ20 ይጀምራል። መጥረጊያው ሲታይ ሥጋ ይመጣል፤ መጥረጊያው ሲጠፋ ሥጋው ይጠፋል። ውሻው መጥረጊያውን አይቶ ሥጋ ፍለጋ ወደ ሰውየው ሲዞር፣ 18 እርምጃ። ከዚያ 15። አንድ ቀን ካበደ ጥፋቱ የውሻው አይደለም፤ ሰውየው ቸኩሏል፤ ወደ 20 ይመለሳል። ይህ ምሥጢር አይደለም። ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ባገኘባቸው ዓመታት ያወቀው ነገር ነው። አዲሱ ነገር ትዕግሥቱ ነው፤ እሱን ደግሞ ወረቀት አያስተምረውም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚው አንድ እውነተኛ ጥያቄ አለው፤ ሊሸሽ አይገባም። «ውሻ ከመንገድ ያነሳ ሁሉ አሰልጣኝ ነው ማለት ነው?» አይደለም። ፍቅር ሙያ አይደለም። አሥር ውሻ ከጎዳና አንስቶ ግቢው ውስጥ የሚያጉር፣ ሳያስከትብ፣ ሳያስመክን፣ ማን ማንን እንደነከሰ ሳይጽፍ «ሁሉንም በፍቅር ነው» የሚል ሰው ከዱላው ሰው ብዙም አይሻልም። አንዱ በፍርሃት፣ ሌላው በስሜት ይታወራል። የሚናከስ ውሻ «ያሳዝናል» ተብሎ ልጅ ላለበት ቤት ሲሰጥ የሚጎዳው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ከጎዳና የተነሳ ውሻ ሁሉ ስሙ ይጠፋል።

ስለዚህ ልምዱ መለካት አለበት። ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የውሻ አሰልጣኞች ምስክር ወረቀት ምክር ቤት ፈተና ከማስቀመጡ በፊት ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 300 ሰዓት ያሠለጠነ መሆኑን ይጠይቃል። ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ ልምድ ብቻም አይበቃም። ጀርመን ደግሞ ከነሐሴ 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በክፍያ ውሻ የሚያሠለጥን ሰው ሁሉ በእንስሳት ጥበቃ ሕጓ መሠረት ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ዕውቀቱንም እንዲያሳይ ታስገድዳለች። ለዚህ ምስክር ወረቀትም ሆነ ለዚህ ፈቃድ ግን ገመድና ስልክ አይበቃም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ «ሰው በተራበበት አገር የምን የውሻ ሥልጠና?» ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ግቢው ውስጥ ውሻ ያሰረ ነው። ውሻው እንዲጠብቀው ይፈልጋል፤ ስለ ውሻው መስማት አይፈልግም። ደግሞስ የዱላው አሰልጣኝ ገንዘብ አይቀበልም ወይ? ክፍያው አለ። ጥያቄው ገንዘቡ ለማን ይሂድ፣ በምትኩስ ምን ይገኝ ነው። ደህና ሥልጠና የሚከለከለው «ሰው ተርቧል» ተብሎ ከሆነ መጥፎው ሥልጠና ለምን ይፈቀዳል?

ሦስተኛው፦ «የጥበቃ ውሻ ክፉ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?» ብዙ ዋጋ አለው። ሌባ የሚፈራው የውሻውን ጥርስ ከማየቱ በፊት ጩኸቱን ነው። ጥሩ የጥበቃ ውሻ ማለት እንግዳን ከሌባ፣ ቀንን ከሌሊት የሚለይ፣ ሲጠሩት የሚመለስ ነው። ይህን የሚለየው ከልጅነቱ ብዙ ዓይነት ሰው ያየ ውሻ ነው። ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ። ብዙው የግቢ ውሻ ግን ያንን ጊዜ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያሳልፈዋል፤ «ሰው እንዳይለምድ» ተብሎ። ከዚያ ዕድሜ ልኩን በሰንሰለት ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ1994 በዴንቨር ከተማ ላይ የታተመ ጥናት የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር ሲያነጻጽር የነከሱት ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የመታሰር ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሊሞላ የተቃረበ ሆኖ አገኘው። ሰንሰለት ጠባቂ አያወጣም፤ እብድ ያወጣል።

አራተኛው ተቃውሞ በአፍ አይነገርም፤ በኪስ ግን ይነገራል። የሐበሻ ውሻ ይናቃል፤ «ዘር» ይገዛል። ጀርመን ሼፐርድ፣ ሮትዋይለር፣ ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ የሚገዝፍ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ፣ ከ18,000 በላይ ውሾችን የሸፈነ ጥናት ዝርያ በአንድ ውሻ ጠባይ ላይ ከሚታየው ልዩነት የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ዘር ገዝቶ ጠባይ የገዛ የሚመስለው ሰው ገንዘቡን የሰጠው ለጸጉርና ለቁመት ነው። ሉካንዳ ደጃፍ ያደገው የሐበሻ ውሻ በአንጻሩ መኪና፣ ሕዝብ፣ ልጅ፣ ጩኸት፣ ሌላ ውሻ ሁሉ አይቶ ነው የኖረው። በሕይወት መቆየቱ ራሱ ፈተና ማለፉን ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሞት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ 99 በመቶ ለሚሆነው ምክንያቱ የውሻ ንክሻ ነው። ከሚነከሱት መካከል 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ በሽታው ከሚያጠቃቸው አገሮች አንዷ ናት። ለብዙ ዘመን መልሱ መርዝ የተለወሰ ሥጋ ነበር። ውሻ ይሞታል፣ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ሉካንዳውና ቆሻሻው እዚያው ስላለ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይተካል። በሽታውን የሚያቆመው ክትባት ነው፤ ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የጎዳና ውሻ ለመከተብ ደግሞ መጀመሪያ መያዝ አለበት። ማን ይይዘዋል? ገመድ አንገቱ ላይ ወርውሮ የሚጎትተው ሰው አንዴ ይይዘው ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ውሻው ጥላውን ሲያይ ይሸሻል። የጎዳና ውሻ ሳይናከስ፣ ሳያስፈራ መያዝ የሚችል ሰው ለከተማዋ ጤና ቢሮ ወርቅ ነው። ያው ሰው ነው ነገ ጥሩ አሰልጣኝ የሚሆነው።

መንገዱም ይታያል። ውሻ የሚያነሱ ማኅበራትና በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ሰው ግን ያንሳቸዋል። በቢሾፍቱና በጎንደር የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ፀጉር ሥራውንም ብየዳውንም ደረጃ አውጥተውለት፣ በሲ.ኦ.ሲ. ፈትነው ሰው ያስመርቃሉ። ሦስቱን ማገናኘት ተአምር አይጠይቅም። ወጣቱ በመጠለያ ውስጥ የተወሰነ ሰዓት በአንድ ልምድ ባለው ሰው ሥር ይሥራ። የያዘውን እያንዳንዱን ውሻ ይመዝግብ፦ ሲመጣ ምን ነበር፣ ምን ተደረገ፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ የት አልተሳካም። የሐኪሙ ክትባትና የንክሻ አያያዝ ትምህርት ይጨመርበት፤ ከንክሻ በኋላ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድን የማያውቅ አሰልጣኝ አይኑር። ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ፈቃድ።

ደንበኛም ድርሻ አለው፤ ገንዘቡ በእሱ ኪስ ነውና። አሰልጣኝ ሲቀጥር ሦስት ነገር ይጠይቅ። «ውሻው ሲሳሳት ምን ታደርጋለህ?» መልሱ መምታት፣ ማነቅ ወይም መጎተት ከሆነ ይሸኘው። «ስታሠለጥን እያየሁ መቆም እችላለሁ?» አይቻልም ካለ ይሸኘው። «ማንም የማይፈልገው፣ አንተ ያስተካከልከው ውሻ አሳየኝ።» የሚያሳየው ከሌለ ገመዱንና ስልኩን ይዞ ይሂድ።

ውሻ በአማርኛ ብዙ ክብር የለውም። የማይፈለግ ሰው «ውሻ» ይባላል፤ ጠያቂ የሌለው ደም «ደመ ከልብ» ይባላል። ቋንቋው እንዲህ ሆኖ ሳለ ከተማው ሁሉ በየሌሊቱ እንቅልፉን ለውሻ አደራ ሰጥቶ ይተኛል። አደራ የተቀበለን እንስሳ በዱላ ማሳበድ ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ሞኝነትም ነው። የመጀመሪያው ንክሻ የሚያርፈው ዱላውን በያዘው እጅ ላይ ላይሆን ይችላል፤ በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ይዞ በበሩ በሚያልፈው ልጅ እግር ላይ ግን ማረፉ አይቀርም።